ወረቀቱ «ካልካሪክ ፍሉቪሶል» ይላል፤ ፓፓያና ሽንኩርት ይሆንበታል?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ከመልካ ጀብዱ ወጣ ብሎ፣ ከአሸዋማ ወንዝ ዳር አንድ ሄክታር መሬት አለን። ፓፓያና ሽንኩርት ልንተክልበት አስበናል። አፈሩን አስመረመርን። የመጣው ወረቀት ‘ካልካሪክ ፍሉቪሶል፣ ውሃ በደንብ የሚያጠነፍፍ’ ይላል። ፒኤች 8.1፣ ኦርጋኒክ ካርቦን 0.9 በመቶ፣ ቤዝ ሳቹሬሽን 118 በመቶ፣ ጨዋማነት 0.6። ጎረቤታችን ‘አፈሩ ጨው ነው፣ አትልፋ’ ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ ‘ደለል ከሆነ አንደኛ ነው’ ይላል። አቦ ማንን ልስማ? በወንዙ በኩል ያለው ጠርዝም በየክረምቱ እየተናደ ነው።»

በጎረቤትህ ልጀምር። ምናልባት ማሳው ላይ ነጭ ነገር አይቶ ይሆናል። በድሬዳዋ ዙሪያ ነጭ ሁሉ ጨው አይደለም። ከዚያ ነጭ ነገር ቆንጠር አድርግና ሎሚ ጨምቅበት። አረፋ ካወጣ ኖራ ነው። ሌላውን ቁንጣሪ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምረህ አማስለው። ሟሙቶ ከጠፋ ጨው ነው። ኖራ ከሆነ ከሥር ይዘቅጣል። የድሬ ሰው ኖራን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ተጋግሮ የሚፋቀው ነጭ ቅርፊት እሱ ነው።

ግን ጎረቤትህን ሙሉ በሙሉ ከመጣልህ በፊት አንድ ነገር አጣራ። ወረቀቱ ላይ ያለው 0.6 በምን ዘዴ ነው የተለካው? መለኪያው ዴሲ ሲመንስ በሜትር ይመስለኛል። አፈሩ በውሃ እስኪጠግብ ተቦክቶ ከዚያ በተጨመቀው ውሃ ከሆነ የተለካው፣ 0.6 ምንም አይደለም። ተኝተህ እደር። አንድ እጅ አፈር በአምስት እጅ ውሃ ተበጥብጦ ከሆነ ግን ጨዉ በብዙ ውሃ ቀጥኗል ማለት ነው። ቁጥሩን እንደ አፈሩ ዓይነት በብዙ እጥፍ ማባዛት ይኖርብሃል። ስምንት እጥፍ ብንይዝ 4.8 ይመጣል። ያኔ ጎረቤትህ ትክክል ሊሆን ነው።

ሽንኩርት ለጨው ስስ ነው። ከ1.2 ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል። ቲማቲም እስከ 2.5 ይታገሣል። ማሽላ ደግሞ እስከ 6.8 ድረስ ግድ አይሰጠውም። እነዚህ ገደቦች ሁሉ የተቀመጡት ለመጀመሪያው ዘዴ ነው። ስለዚህ ለቤተ ሙከራው ደውልና «በአንድ ለስንት ነው የለካችሁት?» በል። የሁለት ደቂቃ ጥያቄ ናት።

አሁን ወደ ስሙ። ፍሉቪሶል የሚለው ከዓለም አቀፉ የአፈር ምደባ የመጣ ነው። ይህ ምደባ የዓለምን አፈር በ32 ትላልቅ ወገኖች ይከፍላል። ፍሉቪሶል ከእነዚህ አንዱ ነው። የሚሰጠውም ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም ባሕር ላመጣው ደለል ነው። ይህ ደለል ከላይ ጀምሮ ወይም ቢበዛ ከ25 ሴንቲሜትር ጥልቀት በፊት መጀመር አለበት። ንብርብሩ ገና ያልጠፋ፣ በዓይን የሚታይ መሆን አለበት። ወይም ኦርጋኒክ ካርቦኑ ወደ ታች ሲኬድ በሥርዓት አይቀንስም፤ አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ ተመልሶ ይወጣል። ለምን ቢባል፣ ታች ያለው ጠቆር ያለ ንብርብር አንድ ወቅት ላይኛው መሬት ነበር። ሣር በቅሎበት፣ ከብት ግጦበት፣ ከዚያ ጎርፍ ቀብሮታል።

ካልካሪክ የሚለው ቅጽል ደግሞ ከ20 ሴንቲሜትር እስከ አንድ ሜትር ባለው ጥልቀት ውስጥ ቢያንስ 2 በመቶ ኖራ አለ ማለት ነው። ኖራው ባይኖርና አፈሩ በንጥረ ነገር የጠገበ ቢሆን ዩትሪክ ይባል ነበር። የታጠበና አሲዳማ ቢሆን ዲስትሪክ። ኖራው ከላይ ታጥቦ ወርዶ ታች እንደ ጠጠር ከተቋጠረ ግን ነገሩ ይለወጣል። ክምችቱ ሲወፍር አፈሩ ወደ ካልሲሶል ወገን ሊሄድ ይችላል። በአሜሪካኖቹ ምደባ የአንተ አፈር ኢንቲሶል ከሚባለው ክፍል፣ ፍሉቨንት ከሚባለው ንዑስ ክፍል ይወድቃል። ቶሪፍሉቨንት ይሁን ኡስቲፍሉቨንት የሚወስነው አፈሩ በዓመት ውስጥ ስንት ቀን እርጥበት ይዞ እንደሚቆይ ነው። ይህ ለገበሬ ብዙም አይጠቅመውም። ሌላ ወረቀት ላይ ብታየው እንዳትደናገጥ ብዬ ነው።

አንድ የሚያደናግር ነገር ግን ልንገርህ። የድሮ ካርታ «ፍሉቪሶል» ያለውን መሬት አዲስ ጥናት «ካምቢሶል» ሊለው ይችላል። ማንም አልተሳሳተም። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው እትም ፍሉቪሶል በመለያ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ አካባቢ ነበር። በ2014 እትም ወደ መጨረሻው ተገፋ። ስለዚህ ጎርፍ መድረስ ያቆመበት፣ ንብርብሩ በሥርና በምስጥ እየተደባለቀ፣ አፈሩ ጓል እየሠራ የሄደ መሬት አሁን ካምቢሶል ይባላል። ያው መሬት፣ ሌላ ስም።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። ይህ ስም አፈሩ ከየት እንደመጣ ይነግርሃል እንጂ ጥሩ ይሁን መጥፎ አይነግርህም። ወንድምህ የሳተው ይህን ነው። ፍሉቪሶል የሚባል ንጹህ አሸዋ አለ። ፍሉቪሶል የሚባል፣ ከመቶ ሰባ እጁ ጠጠር የሆነ አለ። ፍሉቪሶል የሚባል፣ በሎም (አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ ተመጣጥነው በተቀላቀሉበት አፈር) የተሞላ፣ እጅህን ብትሰድበት እስከ ክንድህ የሚገባ ድንቅ አፈርም አለ። ሦስቱም በአንድ ሄክታር ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ።

ለምን? የድሬን ወንዞች ታውቃቸዋለህ። ደቻቱም ሆነ ጎሮ ወይም መልካ ጀብዱ፣ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ናቸው። ዝናቡ ከላይ፣ ከደንገጎ በኩል ካለው ተራራ ሲወርድ ግን በሰዓታት ውስጥ ይሞላሉ። ቁልቁለቱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። ውሃው ያንን ቁልቁለት ጨርሶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል። ሲደክም የተሸከመውን ይጥላል። መጀመሪያ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ ጠጠሩን፣ ከዚያ አሸዋውን። ስሱ ደለልና ሸክላው ከሁሉም በኋላ፣ ውሃው ቆም ሲል ይቀመጣል። ስለዚህ ከወንዙ ጠርዝ አጠገብ ሻካራው አፈር፣ ራቅ ሲል ደቃቁ ይገኛል። ይሄ መነሻ ደንቡ ነው። ግን ወንዙ ቦታ ይቀያይራል። ዛሬ ደቃቅ የጣለበት ላይ ከሃያ ዓመት በኋላ ጠጠር ይጥልበታል።

ሐምሌ 1998 ላይ በሌሊት የወረደውን ጎርፍ ድሬ ላይ የሚረሳው የለም። ከ200 በላይ ሰው አጥተናል። እንዲህ ያለ ጎርፍ ለብዙ ዓመት ቀስ ብሎ ሊከማች የሚችለውን ደለል በአንድ ሌሊት ጥሎ ይሄዳል። ሌላ ቦታ ደግሞ ለዘመናት የተከማቸውን ቆርጦ ይወስዳል። ወንዝ ዳር መሬት ያለው ሰው ይህን ሒሳብ ውስጥ ማስገባት አለበት።

ኖራው ከየት መጣ ካልከኝ፣ ከዚያው ከላይ ነው። ተራራው ላይ ወፍራም የኖራ ድንጋይ ንብርብር አለ። ድሬዳዋ ሲሚንቶ የምታመርተው በዚሁ ድንጋይ ነው። ጎርፉ እሱን ከአሸዋ ድንጋዩና ከጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር እየፈጨ ያመጣዋል። ለዚህ ነው የእኛ ደለል በማዕድን ድሃ የማይሆነው።

እሺ፣ «ውሃ በደንብ የሚያጠነፍፍ» የሚለውስ? ባለሙያዎች የአፈርን ማጠንፈፍ በሰባት ደረጃ ይከፍሉታል። ከሁሉ የከፋው ሁልጊዜ ረግረግ የሆነው ነው። በሌላኛው ጫፍ ያለው ውሃ እንደ ወንፊት የሚያፈስ ንጹህ አሸዋ ነው። «በደንብ የሚያጠነፍፍ» ከዚህ ጫፍ ሦስተኛው ነው። ውሃው ይወርዳል፣ ግን አይሮጥም። ሥሩ አየር አያጣም። ይህን የሚያውቁት በቀለም ነው። እስከ አንድ ሜትር ድረስ አፈሩ ወጥ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ውሃ አይተኛበትም። ግራጫ መሬት ላይ የዝገት ነጠብጣብ ካየህ በዓመት ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ውሃ ይቋጥራል ማለት ነው።

ይህ ደረጃ ግን የተሰጠው ለተፈጥሮ ሁኔታው ነው። ድሬ ላይ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል። ትነቱ ከዚያ በጣም ይበልጣል። እንዲህ ባለ አገር ማንኛውም አፈር ደረቅ መስሎ ይታያል። በየሦስት ቀኑ መስኖ ስትለቅበት ግን ሌላ ታሪክ ይጀመራል። ከሥር አምስት ሴንቲሜትር የምትሆን የሸክላ ንብርብር ብትኖር ውሃው እዚያ ላይ ይተኛል። ፓፓያ ይህን አይችልም። ሥሩ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ከዋለ ዛፉ ሊሞት ይችላል። ከተረፈም ሥሩ ይበሰብሳል።

ሰው የማይጠብቀው ደግሞ ይሄ ነው፦ ከደቃቅ አፈር ሥር ጠጠር ወይም ሻካራ አሸዋ ካለ ውሃው በቀላሉ አይወርድም። ብዙ ሰው «ሥሩ ጠጠር ነው፣ ያጠነፍፋል» ይላል። እውነታው ተቃራኒው ነው። ደቃቁ አፈር ውሃውን በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ አጥብቆ ይይዘዋል። ትላልቆቹ የጠጠር ቀዳዳዎች ሊስቡት አይችሉም። ውሃው ላይኛው ንብርብር እስኪጠግብ ድረስ ድንበሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ይህ ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም። ለሽንኩርት ውሃውን ሥሩ አካባቢ ያቆይለታል። ለፓፓያ ግን ላይኛው አፈር ስስ ከሆነ አደጋ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ መሬትህ ላይ ጉድጓድ የቆፈረ ባለሙያ ነበር? ወይስ ከላይ ሃያ ሴንቲሜትር አፈር በላስቲክ ጠቅልለህ ነው የላክኸው? ሁለተኛው ከሆነ ስሙ የመጣው ከአንተ አፈር ሳይሆን ከካርታ ነው። ከላስቲክ ውስጥ ንብርብር አይታይም። ፋኦና ዩኔስኮ ያወጡት የዓለም የአፈር ካርታ ደግሞ ልኬቱ አንድ ለአምስት ሚሊዮን ነው። በሱ ላይ ከድሬዳዋ ሐረር ያለው ርቀት አንድ ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። የአንተን ሄክታር ከዚያ ላይ ፈልገህ አታገኘውም።

ሂድና ቆፍር። ቢያንስ ሦስት ቦታ፦ ከወንዙ ጠርዝ አጠገብ፣ መሃል ላይ፣ ከወንዙ በጣም በራቀው ጥግ። አንድ ሜትር ከሃያ ይበቃል። ከዚያ በላይ በአሸዋ ውስጥ አትግባ፣ ግድግዳው ይደረመሳል። ፀሐይ የምትመታውን ግድግዳ በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርገህ ተመልከት። ቀለሙ የት ይቀየራል? ቢላው የት ይከብደዋል? ሥር የት ላይ ወደ ጎን ታጠፈ? የታጠፈ ሥር ከማንኛውም ቤተ ሙከራ ይበልጣል።

ከየንብርብሩ እፍኝ አፈር አርጥበህ በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መሃል እንደ ጥብጣብ ግፋው። ጥብጣብ ካልሠራ አሸዋ ነው። ሁለትና ሦስት ሴንቲሜትር ሄዶ ከተቆረጠ ሎም አካባቢ ነው። አምስት ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ከሄደ ሸክላ ነው። አረፋ ያወጣ እንደሆነ ለማየትም በየንብርብሩ ሎሚ ጠብ አድርግበት።

ማጠንፈፉንም ራስህ ለካ። ሠላሳ ሴንቲሜትር ጉድጓድ ቆፍረህ ውሃ ሙላው። ይውረድ። እንደገና ሙላውና ሰዓት ያዝ። አሸዋማ ሎም በሰዓት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ያስገባል። ሎም ከ10 እስከ 20፣ ሸክላ ከ5 በታች። በጉድጓድ ስትለካ ውሃው ወደ ጎንም ስለሚሄድ የአንተ ቁጥር ከዚህ ከፍ ይላል። አንዱን ጉድጓድ ከሌላው ጋር አወዳድርበት እንጂ ቁጥሩን ራሱን አትመነው።

አሁን ወደ ቀሩት ቁጥሮች። ቤዝ ሳቹሬሽን አፈሩ ንጥረ ነገር ከሚይዝበት ቦታ ስንት በመቶው በካልሲየምና በመሰሎቹ እንደተያዘ የሚናገር ቁጥር ነው። 118 በመቶ የሚለው ሳያስቅህ አልቀረም። ከመቶ መቶ አሥራ ስምንት! ቤተ ሙከራው አላበደም። አፈሩ ላይ የተጣበቀውን ካልሲየም ለመለካት የሚጨምሩት ፈሳሽ ኖራውንም ያሟሟዋል። የኖራው ካልሲየም ተደምሮ ቁጥሩ ከመቶ ያልፋል። መቶ ነው ብለህ ያዘውና እለፈው።

ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው) 8.1 መሆኑ ኖራ ላለው አፈር የተለመደ ነው። ከ8.5 ቢያልፍ ሶዲየም በዝቶ ይሆን ብዬ እጠረጥር ነበር። በቴሌቪዥን «ኖራ ጨምሩ» ሲባል ሰምተህ ይሆናል። ያ ምክር ለአሲዳማው ለደጋው መሬት ነው። አንተን አይመለከትም። ወንድም ጋሼ አንዱ ደግሞ «ድኝ ጨምርበትና ፒኤቹን አውርድ» ሊልህ ይችላል። ሒሳቡን እንሥራው። የአንድ ሄክታር ላይኛው 20 ሴንቲሜትር አፈር 2,600 ቶን ያህል ይመዝናል። አንድ በመቶው ብቻ ኖራ ቢሆን 26 ቶን ኖራ ነው። እሱን ለማጥፋት ከ8 ቶን በላይ ድኝ ያስፈልጋል። ከሥርም ሌላ ኖራ አለ፤ የምታጠጣውም ውሃ ሌላ ይዞ ይመጣል። ገንዘብህን አታቃጥል። ከፒኤቹ ጋር ኑር።

ከሱ ጋር መኖር ማለት እንዲህ ነው። ፎስፈረስ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ለተክሉ አይደርስም። ስለዚህ ፎስፈረስ ያለበትን ኤንፒኤስ ማዳበሪያ በማሳው ሁሉ አትበትነው። ከሥሩ አጠገብ በመስመር ቅበረው። ዩሪያን ላዩ ላይ ጥለህ አትሂድ። በዚህ ፒኤችና በዚህ ሙቀት ናይትሮጂኑ ጋዝ ሆኖ ይበናል። አፈር አልብሰው ወይም ወዲያው አጠጣበት። ፎስፈረስ የሚያስለካ ሰው ደግሞ በኦልሰን ዘዴ መሆኑን ይጠይቅ። ሌላው የተለመደ ዘዴ፣ ብሬይ የሚባለው፣ አሲድ ይጠቀማል። ኖራው አሲዱን ይበላውና ቁጥሩ ይዋሻል።

ፓፓያህ ላይ የምትጠብቀው ምልክት የብረት እጥረት ነው። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ሰው ይህን ሲያይ ውሃ ያንሰዋል ብሎ ያጥለቀልቀዋል። ያኔ ይብሳል። የብረት ማዳበሪያ ከገዛህ መለያው ላይ ኢዲዲኤችኤ የሚል ፈልግ። ኢዲቲኤ የሚለው ርካሽ ነው፣ ግን በዚህ ፒኤች አፈር ውስጥ ብረቱን ይዞ አይቆይም።

ኦርጋኒክ ካርቦን 0.9 ትንሽ ነው። ለቆላ ግን ነውር አይደለም፤ ሙቀቱ ቶሎ ይጨርሰዋል። ፍግ ጨምር። የፍየልና የግመል ፍግ እዚያ አካባቢ አይታጣም። አደራ፣ ሳይብላላ እንዳትበትነው። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ወራሪ ዛፍ የሚዛመተው ፍሬውን በበሉ እንስሳት ፍግ ነው። ሳታስበው ማሳህን በገዛ እጅህ ትዘራዋለህ።

ስለ ውሃ አጠጣጥ፣ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋ ለተክል የሚሆን 60 ሚሊ ሜትር ውሃ ብቻ ይይዛል። ሎም 140 ይይዛል። የሽንኩርት ሥር 40 ሴንቲሜትር ቢሆንና ውሃው 30 በመቶ ሲጎድል ካጠጣህ፣ በሎም ላይ 17 ሚሊ ሜትር ታገኛለህ። በድሬ ሙቀት በቀን 6 ቢጠጣ ሦስት ቀን ያህል ያቆይሃል። አሸዋው ላይ ግን በየቀኑ ማጠጣት አለብህ። ስለዚህ ሽንኩርቱን ደቃቁ አፈር ያለበት ላይ አድርግ። ፓፓያውን ጉድጓዱ አንድ ሜትር ድረስ ያለ ሸክላና ያለ ድንገተኛ ጠጠር ባሳየህ ቦታ፣ በመደብ ከፍ አድርገህ ትከል። ጠብታ መስኖ ካሰብክ የእኛ ውሃ ኖራማ ስለሆነ ቀዳዳው ይደፈናል። በየጊዜው በቀላል አሲድ ይታጠባል።

የሚናደው ጠርዝ ብዙውን ጊዜ ወንዙ የሚታጠፍበት የውጭው ጎን ነው። ውሃው እግሩን ከሥር ይቆፍረዋል፤ ላዩ ተንጠልጥሎ ቆይቶ ይወድቃል። ቬቲቨርና የዝሆን ሣር ላዩን ያስሩልሃል፣ ከሥር የሚቆፍረውን ግን አያቆሙም። እግሩን የሚጠብቀው በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ግንብ ነው። እሱንም ብቻህን ከሠራህ ውሃው ዞሮ ጎረቤትህን ይበላዋል። ከላይና ከታች ካሉት ጋር ተነጋገር። ከፊት ለፊትህ አሸዋ የሚጭኑ መኪናዎች ካሉ ከነሱ ጀምር። የወንዙ ወለል በጠለቀ ቁጥር ዳሩ ይረዝማል፣ ይናዳልም። እስከዚያው ድረስ ከጠርዙ አሥር ሜትር ያህል ፓፓያ አትትከል። ፓፓያው ፍሬ ሳይሰጥ መሬቱ ቀድሞ ሊሄድ ይችላል።